አሸዋ የለመደ እጅ ሣር ላይ

ቅዳሜ፣ ማርች 4፣ 2006

ለሰው የማልነግረውን ላንቺ ልንገርሽ ደብተሬ፤ ብቻ እንዳትስቂብኝ። ዛሬ ጫማዬን አወለቅኩ። እዚሁ ካርቱም፣ ማንሺያ ሰፈር፣ የአገሬ ልጅ ዘሃራ በቤት ሠራተኝነት ያለችበት ግቢ፣ ሣሩ ጠርዝ ላይ ስደርስ እግሬ ራሱ ቀጥ አለ። የሰው ምንጣፍ ልረግጥ መስሎኝ እንደሆነ እንጃ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ጥንድ አድርጌ፣ ግድግዳ ሥር አስቀመጥኩና በካልሲ ገባሁ። ዘሃራ ለካ በኩሽናው መስኮት ታየኝ ኖሯል፣ ሳቋ ጎረቤት ሊጠራ!

«አንቺ ኒዕማ! ልትሰግጂ ነው? ሣር ነው እኮ እህቴ፣ በግ የሚበላው!»

ትሳቅ። ሣር አላውቅም አልልም፣ ኮምቦልቻ ነው ያደግኩት። እንዲህ እንደ ወታደር ጸጉር የተከረከመውን ግን ረግጬው አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ጎልፍ ሜዳ ላይ ስውል ሣር አልነካሁም ብል ማን ያምነኛል? የእኛ ክለብ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር አሸዋ ነው። ጉድጓዱ ዙሪያ ያለው አሸዋ ደግሞ ነፋስ እንዳይወስደው ዘይት ይጠጣል፤ ፈረንጆቹ «ብራውን» ይሉታል። ሰው ሲረግጠው ይቦረቦራል። ስለዚህ ተጫዋቹ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ ከመግፋቱ በፊት መንገዷ ይስተካከልለታል። ጆንያ የተጠመጠመበት ሳንቃ በገመድ ይጎተታል፣ አሸዋው ይለሰልሳል፣ ያላ፣ ምታ። ያንን ሳንቃ ስድስት ዓመት የጎተትኩት እኔ ነኝ።

አሁን ሣር ፍለጋ የሰው ግቢ ያስገባኝ የክለቡ ጸሐፊ ኡስታዝ ሂሻም ነው። ሐሙስ ዕለት ጠራኝ። ሴቶቹ፣ የኤምባሲዎቹም የአገሬውም፣ ሴት አስተማሪ ካልመጣልን ብለው አስጨንቀውታል። እውነታቸውን ነው፤ የዱላ አያያዝ ለማሳየት እጅ መያዝ አለ፣ የማንን ሚስት እጅ የትኛው ወንድ ይይዛል?

«አንቺን ይላሉ» አለኝ። ወረቀቱን እንጂ እኔን አላየም። «የፕሮፌሽናል ካርድ አምጪ። በሜይ ናይሮቢ ፈተና አለ። በየቀኑ አሥራ ስምንት ጉድጓድ፣ ሁለት ቀን፣ በድምሩ ከ166 ምት ያልበለጠ። ካላመጣሽ ከውጭ አስተማሪ አስመጣለሁ፤ አንቺም ወደ ሳንቃሽ።»

የናይሮቢ ሜዳ ሣር ነው። ሁለት ወር አለኝ።

ሰኞ፣ ማርች 6

ሐጅ አብዱልሰላም ዛሬ ሲቆጡኝ ዋሉ። ሐጅ የክለቡ ነባር አስተማሪ ናቸው። አባታቸው ከደሴ የመጡ፣ እሳቸው እዚሁ የተወለዱ፣ አማርኛቸው ግማሹ ዓረብኛ። ሦስት ዓመት ሲያስተምሩኝ አንድ ቀን እጄን ነክተውኝ አያውቁም። የዘንባባ ዘንግ አላቸው፤ በሷ ክርኔን ጠቅ፣ «ይሄ ወደ ውስጥ»፣ ጫማዬን ጠቅ፣ «ይሄ ወደ ኋላ»። የቀረውን በአፍ ነው። «ኳሷን አትምቻት፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ። መንገድ ላይ አግኝተሻት እለፊ።»

ዛሬ ከኋላዬ ቆመው በእያንዳንዱ ምት «የት ወደቀች?» ይሉኛል።

«ከባንዲራው በስተቀኝ፣ አራት እርምጃ።»

«ጣይብ፣ ጥሩ። አሁንስ?»

ሊፈትኑኝ ነው፣ ኳሷ የምትወድቅበትን ራሴ እንድለካ። ድሮ የሚነግሩኝ እሳቸው ነበሩ። ጎበዝ አስተማሪ ዘዴ ይቀያይራል።

ረቡዕ፣ ማርች 15

በችኮላ። ከቢሮው መስኮት ሥር ዱላዎቹን ስወለውል ኡስታዝ ሂሻም በስልክ። «ወላሂ ሸጋላ ናት እኮ! የሰው ቤት ስታጥብ የኖረች። ትሞክር፣ ምን ይጎዳል? ስትወድቅ ሴቶቹ ዝም ይላሉ።»

ሸጋላ፣ የቤት ሠራተኛ። ውሸት የለውም፤ እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር፣ አራት ዓመት ወለል አጥቤያለሁ። ነገሩ አላናደደኝም። ምንም አላናደደኝም።

አንድ ዱላ ሦስት ጊዜ ወለወልኩ።

ሐሙስ፣ ማርች 23

ደብተሬ፣ የሐበሻ ሴት ምስጢር ትጠብቃለች ያለ ማን ነው? ዘሃራ ለአንዷ ነገረች፣ አንዷ ለሌላዋ፣ አሁን ከሪያድ እስከ ማንሺያ ያሉ የአገሬ ልጆች ሁሉ ሣር ይጠቁሙኛል። ስልክ ይደወላል፦ «ኒዕማ፣ ሰዎቼ ሰርግ ሄደዋል፣ ሣሩ ትናንት ታጭዷል፣ ቶሎ ነይ!» በረክሻ፣ በባለ ሦስት እግሯ፣ እከንፋለሁ። እስካሁን የሰባት ቤት ሣር ለይቼ አውቃለሁ። የዶክተሩ ይጎረብጣል። የነጋዴው ለስላሳ ነው፣ ግን ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ሚስቱም እንደዚያው ናት ይላሉ። የጄኔራሉ ከሁሉ ይበልጣል፤ ምን ያደርጋል፣ ውሻ አለ።

እንደ ዘሃራ ግቢ የሚሆን ግን የለም። ሐሙስ ሐሙስ እመቤቷ ሲት ሬሕማ ኦምዱርማን እናቷ ጋ ትውላለች። የጎጃሙ ልጅ ጸጋዬ፣ ዘበኛው፣ ጾም አድክሞት እንኳ ተንበርክኮ ሣሩን በመቀስ አሳጠረልኝ። መሐሉ ላይ የሳልሳ ቆርቆሮ ቀበርን፣ እሱ ጉድጓዳችን ነው።

«በጊዮርጊስ፣ እመቤት ይሄን ካየች እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ነው የምትቀብረኝ» አለ።

«አትገባበትም፣ ጠባብ ነው» አለችው ዘሃራ።

ሣር ላይ ኳስ እንደ አሸዋው አትታዘዝም። አሸዋ ላይ የገፋሻትን ያህል ትሄዳለች፤ እዚህ ስትነኪያት ትበራለች፣ እንደ ተሳደበች ልጅ። ከሃምሳ ኳስ ዘጠኝ አገባሁ። ዘጠኝ!

ሰኞ፣ ኤፕሪል 3

ጀዋዛት፣ የፓስፖርት መሥሪያ ቤቱ። የመውጫ ቪዛ። ፀሐይ ሳትወጣ ሰልፍ። «ቡክራ» አሉ። ነገ ማለታቸው ነው፤ ትናንትናም ነገ ብለው ነበር። ቲኬቱን የክለቡ ሴቶች ቆርጠውልኛል፣ ስሜ ተጽፎበታል፣ ፓስፖርቴ ግን መስኮቱ ውስጥ ተኝቷል። ልምምድ የለም። እጄ ላብ ብቻ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 6

ተያዝን።

ሀቡብ ተነሥቶ፣ አቧራው መንገዱን ቢዘጋው ሲት ሬሕማ ከግማሽ መንገድ ተመለሰች። እኛ አቧራ ሳይመጣ ጥቂት እንግፋ ብለን ጎንበስ እንዳልን በሩ ተከፈተ። መቀስ በጸጋዬ እጅ፣ ዱላ በእኔ እጅ፣ ዘሃራ ኳስ ይዛ። እመቤቷ መጀመሪያ እኛን አላየችም፣ ቆርቆሮውን ነው ያየችው።

«ይሄ ሣር ከልጆቼ የበለጠ ውኃ ጠጥቷል!» ስትል ጸጋዬ ለሁለተኛ ጊዜ ጊዮርጊስን ጠራ።

«ጥፋቱ የኔ ነው ማዳም፣ ዘሃራ አታውቅም» አልኩ።

«ቆርቆሮ ቀብራችሁበት አታውቅም? ኳሱን የያዘችው ማን ናት፣ ጥላዋ?»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ናይሮቢን፣ ካርዱን፣ ወደ ሳንቃሽ የተባልኩትን። የሂሻም ስም ሲጠራ እጇን አነሣች። «የክለቡ ሂሻም? 'ሴቶች ሜዳውን ያበላሻሉ' ብሎ ከባሌ ፊት የመለሰኝ ሂሻም?» አቧራው አጥሩን አልፎ እላያችን ላይ ይወርዳል፣ ማንም አይንቀሳቀስም። ከዚያ፦ «ይሄ ጉድጓድ ይቆይ። ሁለተኛ ጉድጓድ ካየሁ ግን ሦስታችሁንም አባርራለሁ። ዘሃራ፣ ሻይ አምጪ። ለሷም።»

ዘሃራ ኩሽና ገብታ ስታለቅስና ስትስቅ፦ «በሰባት ዓመት ለአገሬ ልጅ ሻይ አቅርቢ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። ስኳርሽ ስንት እንደሆነ ራሱ ጠፋኝ እኮ!»

እኔ ግን ሻዩ አልጣመኝም። ስንት ሐሙስ እንደ ጀብዱ የጻፍኩልሽ የዘሃራ እንጀራ ነበር፣ የዘሃራ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ። እሷ ብትባረር እኔ ኳሴን ይዤ ወደ ሳሃፋ ክፍሌ እሄድ ነበር። እሷስ? ይቅር በይኝ አልኳት። «ካርዱን ይዘሽ ስትመጪ» አለችኝ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 20

አንዷ የኤምባሲ ሴት የጨዋታውን ሕግ መጽሐፍ ሰጠችኝ። መዝገበ ቃላት ይዤ ሳነብ አንድ መስመር ላይ ደነገጥኩ። ሣር ላይ በኳሷና በጉድጓዱ መካከል ያለውን መንገድ መነካካት ክልክል ነው። በእጅም፣ በእግርም፣ በዱላም። ቅጣቱ ሁለት ምት።

ደብተሬ፣ እኔ መንገድ ሳላስተካክል ኳስ ገፍቼ አላውቅም። ሳንቃው ከሌለ በእግሬ እጠርጋለሁ፣ ሁላችንም እንጠርጋለን። ማሰብ የለበትም፣ እንደ መተንፈስ ነው።

ዛሬ ጸጋዬ ጠባቂዬ ሆነ። እግሬ ወደ ፊት በተላወሰ ቁጥር በሬ እንደሚመልስ ሰው «ሃይ!» ይላል። ከሠላሳ አሥራ አራት ጊዜ «ሃይ» አለኝ። ሲት ሬሕማ ከሰገነቷ ላይ፦ «ይህቺን እግር ቁረጧት!»

ቪዛው ወጣ፣ አልሐምዱሊላህ። እግሬ ቀረ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 30

ሐጅ የክለቡን ደረጃ ሲወጡ ተደናቀፉ። ሠላሳ ዓመት የወጡት ደረጃ ነው። ክንዳቸውን ልይዝ ስል ዘንጋቸውን ዘረጉልኝ፣ ጫፏን ይዤ ወጣን። «ፀሐዩ ነው» አሉ። ፀሐዩ ነው። እርግጥ ጥላ ውስጥ ነበርን፤ ቢሆንም የካርቱም ፀሐይ ጥላ ሥርም ይገባል።

ስንለያይ፦ «ካርዱን ዘንድሮ ይዘሽ ነይ፣ ያ ቢንቲ። ለከርሞ እሞክራለሁ አትበይኝ።»

ምን አስቸኮላቸው? ከርሞስ የት ይሄዳል? ስለዚህ ነገር ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 9፣ ናይሮቢ

ብርድ። ሣር፣ ሣር፣ ሣር። የማንሺያን ግቢ ሺህ ጊዜ ብትዘረጊው ይሄን አያክልም።

87።

ውስጡ ሁለት የቅጣት ምት አለ። ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ ነው። ስጠርግ አላስታውስም። ቀና ስል ቆጣሪዬ፣ ከእኔ ጋር እየዞረች ምቴን የምትመዘግበው ኬንያዊት፣ ሁለት ጣቷን አንሥታለች። ፊቷ እሷ የተቀጣች ይመስላል። ፈገግ አልኩላት። ጥርሴ ብቻ ነው ፈገግ ያለው።

ነገ 79 ወይም ከዚያ በታች ካልመታሁ አበቃ። አሸዋ ላይ በሕይወቴ የመታሁት ትንሹ 77 ነው። ሐጅ ጋ ልደውል አልኩ፣ አልደወልኩም። ደህና ነኝ። ልተኛ።

ረቡዕ፣ ሜይ 10፣ ናይሮቢ

ተረጋግቼ ልጻፍ። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጠዋት ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ጉድጓዶች እንደ ውኃ ፈሰሱ። ኳሷን አልመታኋትም፣ መንገድ ላይ እያገኘኋት አለፍኩ። ቆጣሪዬ «ማን አስተማረሽ?» ስትለኝ በኩሽና እንግሊዝኛዬ «አንድ ሽማግሌና አንድ ዘንግ» አልኳት።

አሥራ አራተኛው ላይ ኳሴ ከጉድጓዱ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆመች። ጎንበስ አልኩ። ቀኝ እግሬ ተነሣ። ወላሂ ማንም አላዘዘውም! አየር ላይ ሳለ አየሁትና ባለሁበት ደረቅኩ፣ በአንድ እግሬ፣ እንደ ዓባይ ዳር ወፍ። ሰዎች ምን እንዳሰቡ አላህ ይወቅ። ቀስ ብዬ ወደ ኋላ መለስኩት፣ ኳሷን ገፋሁ፣ ገባች። በልቤ ግን «ሁለት ምት» አልኩ። ከዚያ በኋላ ስቆጥር ሁሉ ያቺ ሁለት አብራኝ አለች።

መጨረሻው ላይ ኳሷ ጉድጓዱ አፍ ላይ ደርሳ ቆመች። አንድ ጊዜ መንካት ብቻ፤ ነካኋት፣ ገባች። ቆጠርኩ። 81። ከትናንቱ ጋር 168። አለቀ። ድንኳኑ ጋ እስክደርስ ለዘሃራ ምን እንደምላት ሳስብ ነበር። ለሐጅ የምለውን ማሰብ አልቻልኩም።

ቆጣሪዬ እንድፈርም ወረቀቱን ሰጠችኝ። 79 ይላል።

«ሁለት ጎድሏል» አልኳት።

ደግማ ቆጠረች። «አልጎደለም።»

«ጎድሏል! አሥራ አራተኛው ላይ የቅጣቱን አልጻፍሽም።» ለክርክር ተነሣሁ እኮ፣ ደብተሬ! እሷ 79 ትላለች፣ እኔ 81 እላለሁ፤ ሰው ተሰበሰበ። ቀይ ክራባት ያሰሩ ሽማግሌ ዳኛ መጡ።

«ምን አደረግሽ?»

«መንገዱን ልጠርግ ነበር።»

«ነካሽው?»

«አልነካሁም። እግሬ ተነሥቶ ነበር። በልቤ ግን ነክቼዋለሁ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እመቤቴ፣ እኛ እዚህ የምንቆጥረው ምት ብቻ ነው። የልብሽን ከፈጣሪሽ ጋር ተሳሰቢ።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ቆጣሪዬ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። 87 እና 79፣ 166! ልክ የተባለው። አንድ አልተረፈ፣ አንድ አልጎደለ። ፈረምኩ። ብዕሩን ሁለት ጊዜ ጣልኩት።

ማንሺያ ደወልኩ። ዘሃራ ስልኩ ውስጥ እልል አለች፣ ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል። ከኋላ የሲት ሬሕማ ድምፅ ተሰማኝ፦ «ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም ማዳም፣ ኡስታዝ ሂሻም ነው!»

ቅዳሜ፣ ሜይ 13

ካርቱም። ከአየር ማረፊያ በቀጥታ ሐጅ ጋ ሄድኩ። ካርዱን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ይዘው ዐይናቸው አጠገብ አደረሱት፣ አራቁት፣ እንደገና አቀረቡት። «ፎቶሽ አምሯል» አሉኝ።

ገልብጠው ነበር የያዙት። አላረምኳቸውም። «አዎን ሐጅ፣ ነጠላዬን ለፎቶው ብዬ ነው የቀየርኩት» አልኳቸው።

የአሥራ አራተኛውን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ክፉ አስቦ ያልሠራውን ሰው መላእክት መልካም ሥራ ነው የሚጽፉለት። ሽማግሌው ዳኛ ዕውቀት ቢኖረው 164 ይልሽ ነበር!» ቀጥለውም፣ ሰማይ እያዩ፣ ቀስ ብለው፦ «እኔ ከሰኞ ጀምሮ ወንበሬን ጥላ ውስጥ አድርጉልኝ። አሁን ሜዳው ላይ አንቺ አለሽ።»

እሺ አልኩ። ሌላ ነገር አልጠየቅኳቸውም። ረክሻው ውስጥ ገብቼ እስከ ሳሃፋ አለቀስኩ፤ ነጂው ሰው የሞተብኝ መስሎት ካሴቱን አጠፋልኝ።

ኡስታዝ ሂሻም ካርዱን ፊትና ጀርባውን አነበበ። ብርሃን ላይ አነሣው። ማኅተም ፈለገበት፣ ሦስት አገኘ። «ማብሩክ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» አለ። ከወንበሩም ተነሣ፣ ይሄን ልብ በይ፣ ተነሣ። «ሰኞ በስንት ሰዓት ትጀምሪያለሽ፣ ኡስታዛ?»

ኡስታዛ! እንዳልሰማ ሆኜ ደግሜ አስባልኩት።

እሑድ፣ ሜይ 14

ነገ አሥራ ሁለት ሴቶች ይመጣሉ። ዝርዝራቸው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ከላዩ ስሜ አለ። ከመጻፌ በፊት ሁለት ጊዜ ሄጄ አየሁት። ዘበኛው «የጠፋብሽ ነገር አለ?» አለኝ።

አንድ ጭንቀት ግን አለብኝ። እጅ ይዤ ማስተማር አልተማርኩም። ማንም እጄን ይዞ አላስተማረኝም። ዛሬ ቀኑን ሙሉ የዘሃራን ጣቶች ዱላ ላይ ስደረድር ዋልኩ። «ሊጥ አይደለሁም፣ ቀስ!» ትለኛለች። ወደ ማታ ገደማ ግን አገኘሁት፤ ጣት አይጨበጥም፣ ይታቀፋል።

ይሄን ጽፌ ልተኛ ስል ስልክ ጮኸ። የማላውቀው የሴት ድምፅ፣ በሹክሹክታ። ዘምዘም እባላለሁ አለች። የኡስታዝ ሂሻም ባለቤት!

«ስሜን አሥራ ሦስተኛ አድርጊ፣ ግን ግድግዳ ላይ እንዳትጽፊው። ሃያ ዓመት ዓርብ ዓርብ ስለ ጎልፉ ሲያወራልኝ ኖሯል። እሱን ለማሸነፍ ስንት ጊዜ ይበቃኛል?»

«ክርንሽን ለማስተካከል ሦስት ወር» አልኳት። ኡስታዝ ሂሻም ሲመታ ዘጠኝ ዓመት አይቻለሁ፣ አላህ ይይልኝ። «እሱን ለማሸነፍ ግን ስድስት ሳምንት ይበቃል።»

ሳቋን በትራስ ስታፍነው ተሰማኝ። የጨዋታቸው ቀን የጁን የመጨረሻው ዓርብ እንዲሆን ተስማማን፤ እሱ አያውቅም። እኔ ቆጣሪያቸው ሆኜ እዞራለሁ። ደብተሬ፣ ያን ቀን ብዕር ቀርጸሽ ጠብቂኝ፤ የእሷን ምት፣ የእሱን ምት፣ በተለይ ደግሞ የእሱን ፊት፣ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ አንድ ሳላስቀር እጽፍልሻለሁ።